በቀኝ በኩል ያለው መስኮት

የባሌ እህት ያደረገችኝን አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ያልኩት ስለተውኩት አይደለም። ብናገር ስለሚያስታርቁኝ ነው።

ማኅበራችን የአቦ ነው። ሁላችንም ድሮ ሰበታ ጎረቤት ነበርን፤ አሁን ከእኔና ከጥቂቶች በቀር ግማሹ ቡራዩ፣ ግማሹ ሱሉልታ ገብቷል፤ ቢሆንም ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ተራ በደረሳት ሴት ቤት እንሰበሰባለን። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ማኅበሩን የምትመራው ሙሴ ትነሳና "እርስ በርሱ ቅያሜ ያለው አለ?" ብላ ትጠይቃለች። አለኝ ያለች ሴት አለቀላት። ሁለት አሮጊቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል፣ ያቺኛዋ ጉልበት ትስማለች፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቂሙ የለም። እኔ ቂሜ እንዲያልቅብኝ አልፈለግሁም። ስለዚህ ሙሴዋ በጠየቀች ቁጥር ነጠላዬን እያስተካከልኩ ጣራ ጣራ አይ ነበር። ከዚያም ጽዋውን እጠጣለሁ። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስግደቴን ተቀብያለሁ፤ እሱ የእኔና የእሳቸው ጉዳይ ነው።

በደሉ እንዲህ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ "አንድ ዓመት ዝቋላን አብረን እንሳለማለን" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የእሱ ወገብ እንቢ አለ፣ ቀጥሎ የእኔ ጉልበት፣ ከዚያ እሱ ሞተ። ባቡሩ በዝቋላ አቅጣጫ እንደሚያልፍ የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው። ተራራው ላይ መውጣት ካልቻልኩ በመስኮት እሳለመዋለሁ፣ ለሁለታችንም ይሆናል አልኩ።

ደብተር ገዝቼ አቀድኩት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የእጅ ጽሑፌን ግን ማንም ያነበዋል። ዓርብ ከሰበታ በሚኒባስ ጀሞ፣ የልጅ ልጄ ኮንዶሚኒየም ማረፍ። ቅዳሜ በከተማው ባቡር ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድና አዲሱን ሕንፃ ሁሉ ቁጭ ብሎ ማየት። እሑድ ቅዳሴ። ሰኞ ከለቡ በትልቁ ባቡር ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ምሳ፣ በሚኒባስ መመለስ። ባቡሩ አንድ ቀን ሄዶ በማግሥቱ ስለሚመለስ ማክሰኞ ዕረፍት። ረቡዕ አዳማ፤ ጾም ስለሆነ ምሳ ሽሮ። ድሬዳዋ የሚመላለስ ጨርቅ ነጋዴ ጠይቄም "ዝቋላ በግራ በኩል ይታያል፤ ግራ መቀመጥ" ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

የባሌ እህት፣ የቡራዩዋ፣ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ እትዬ እላታለሁ። እሷ ከአርባ ዓመት በኋላም ሙሽሪት ነው የምትለኝ፤ ትናንት ቤታቸው የገባሁ ይመስል። ደብተሩን ሳሳያት "እስቲ ልጄ ረጋ ብሎ ያንብብልኝ፣ አብረን እንሄዳለን" ብላ ወሰደችው። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ "ቆይ ገና ነው" አለችኝ። አምና በኅዳር ማኅበር ላይ ስትመጣ ሄዳ ተመልሳለች። ሁለት የቡራዩ ጎረቤቶቿን ይዛ፣ በእኔ ዕቅድ፣ ዓርቡን ከዓርብ፣ ሰኞውን ከሰኞ ሳታዛንፍ!

"ሙሽሪት፣ ላንቺ አስበን እኮ ነው የተውንሽ" አለችኝ በሰው ፊት። "ጉልበትሽ!"

"ጉልበቴ ምን ሆነ?"

"ባቡሩ ደረጃ አለው። ከፍ ያለ ደረጃ።"

"ያንቺስ ቤት ደረጃ የለውም? ተራሽ በደረሰ ቁጥር ማን ተሸክሞ ነው የሚያወጣኝ?"

አልሰማችኝም። ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዙራ ነበር። "በመስኮት ተሳለምኩት! ቋጥኙ እንደ ጥርስ የተሰካካ፣ ጫፉ ሁለት የሆነ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው! እልል ስል ፉርጎው ሁሉ አብሮኝ እልል አለ። ወንድሜን አሰብኩት፤ ለእሱም ተሳለምኩለት።"

ዕቅዴን ስትወስድ ተናደድኩ። ባሌን ስትወስድ ግን ሌላ ነገር ውስጤ ገባ። ሙሴዋ ተነስታ "ቅያሜ ያለው አለ?" አለች። ጣራውን አየሁ።

ከማኅበሩ ስንወጣ የሱሉልታዋ ጓደኛዬ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቃት ናት፤ ኦሮምኛና አማርኛ እያጣቀሰች ነው የምታወራው። መንገድ ላይ ቆም አለችና ራሷን ነቀነቀች።

"ሚቲ፣ አይደለም! ያ ዝቋላ አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር በእግሬ ወጥቼዋለሁ። ዝቋላ የምን ጫፍ አለው? አናቱ ልክ እንደ ተቆረጠ ነው፤ ላዩ ላይ ሐይቅ ነው ያለው። ያ ጥርስ ጥርስ ያለው የረር ነው።"

"ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?"

"እንደዚያ ደስ ብሏት ሳያት አሳዘነችኝ።"

"እኔን አላሳዘነችኝም" አልኳት።

የልጅ ልጄ በስልኳ ካርታውን ከፍታ አሳየችኝ። ወደ ቢሾፍቱ ሲሄዱ ዝቋላ በቀኝ ነው፤ በግራ የሚሆነው ሲመለሱ ነው። ነጋዴው የነገረኝ ወደ ቤቱ ሲመጣ የሚያየውን ነበር። ስለዚህ እትዬ ደብተሬን ስትሰርቅ ስህተቴንም አብራ ሰርቃለች። ከሰረቀችው ላይ ሳትጨምር ሳትቀንስ ግራ ተቀምጣ፣ ለየረር እልል ብላ መጥታለች። እስኪያስለኝ ሳቅሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን በሚቀጥለው ማኅበር ተናግሮ ይገላገል ነበር። እኔ ግን አሰብኩበት። ማኅበር ላይ ብናገር የሚሰማው አሥር ሴት ነው፤ እሱም የሚያፍርላት ዘመድ። ባቡር ላይ ግን ፉርጎው ሙሉ ነው። አንድ ዓመት ጠበቅሁ። በወር በወሩ የረርን ዝቋላ እያለች ስታወራ "እንዴት ያለ ነው በይ? ጫፉ ሁለት ነው አልሽ?" እያልኩ አስደገምኳት።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ደወልኩላት። "እትዬ፣ አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ እኔንና የሱሉልታዋን ይዘሽን ሂጂ። መስኮት አስይዝልሻለሁ። ግራ በኩል።"

"ተባረኪ ሙሽሪት! አየሽ፣ እኔ ባልቀድምሽ ኖሮ ማን ያሳይሽ ነበር?"

ትኬቱን የቆረጠችው የልጅ ልጄ ናት። የሦስታችንን መታወቂያ ይዛ ቀደም ብላ ለቡ ሄደች። እኔና ጓደኛዬ በቀኝ፣ እኔ መስኮቱ ጋ፤ እትዬ በግራ መስኮት ብዬ አዘዝኳት።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ክፋት ነው" አለችኝ።

"ክፋት አይደለም። በደብተሩ እንደተጻፈው ነው።"

የከተማው ቆይታችን ጥሩ ነበር፤ እኔም ጥሩ ሆንኩላት። ጥሩ መሆን እንደዚያ ሰሞን አድክሞኝ አያውቅም። የልጅ ልጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። እትዬ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ አንድ ጊዜም አልተቀመጥኩም፤ ጉልበቴ እሳት ሆኖ ነበር፣ ግን አልተቀመጥኩም። ላይ ሆኜ "አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ጉልበትሽን" አልኳት። በከተማው ባቡር ሰው አስነስቼ አስቀመጥኳት። ማታ ትራሱን ያገኘችው እሷ ናት። የምሰጣት ሁሉ ለሰኞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለቡ ተሰልፈን ተፈትሸን ገባን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እንደ መኪና አይገፈትርም፤ ቤቶቹ ናቸው ወደ ኋላ የሚሄዱት። ከተማው ሲሳሳ ጤፉ መጣ፤ ገና አረንጓዴ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ሊቀላ ሲል። ከመተላለፊያው ወዲያ ማዶ እትዬ አጠገቧ ላሉት ሰዎች ሁሉ ማውራት ጀምራለች። አምና እንደመጣች፣ ሌላው ተሳፋሪ እንደማያውቅ፣ እሷ እንደምታሳያቸው። ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዝም በይ ብዬ መለስኩላት።

ትንሽ እንደሄድን በእሷ መስኮት ተራራው ተነሳ። ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ፣ እንዳለችው ጥርስ በጥርስ። እትዬ ብድግ አለች።

"ተነሱ! ተሳለሙ! ዝቋላ አቦ!"

እልልታዋ ቤት ያፈርሳል። ሴቶች ነጠላቸውን አጣፉ፣ አንዱ ወጣት ስልኩን አወጣ፣ አንዲት እናት የልጇን አናት ወደ መስኮቱ አዞረች። ከፊት ለፊቷ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ቀጥለው ተራራውን።

"እመት፣ ያ የረር ነው" አሏት።

"ምን?"

"የረር። ተወልጄ ያደግሁት ሥሩ ነው።"

"አባቴ፣ አምና መጥቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

"አምናም የረር ነበር።"

ፉርጎው በሳቅ ፈነዳ። ወጣቱ ስልኩን ከተራራው ወደ እሷ አዞረ። ሽማግሌው በእጃቸው የእኔን መስኮት አመለከቱ፤ "ዝቋላ በዚያ ነው፣ እዩት።" ሁሉም ፊቱን አዞረ፤ እኔም አዞርኩ። ለብቻው ነው የቆመው። ሰማያዊ ነው፣ አናቱ ጓደኛዬ እንዳለችው የተቆረጠ ነው፣ ማንንም አይጠጋም። ለእትዬ አንድ ዓመት ያዘጋጀኋት ቃል ነበረችኝ፤ ተናገርኳት።

"ላንቺ አስቤ ነው እትዬ። ሰው ይገፋሻል፣ እዚያው ተቀመጪ።"

ፊቷ ደም መሰለ። ከዚያ ወንበር ወንበሩን እየያዘች መጣች። የምትሰድበኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ከቦርሳዋ ደብተሬን አወጣች፤ ይዛው መዞሯን አላወቅሁም ነበር። ገልጣ ዓይኔ ሥር አደረገችው።

"ይሄ የማን እጅ ነው? ግራ ይላል። ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። እኔ ማንበብ አልችልም፤ የጻፍሽውን አምኜ ነው የተቀመጥኩት።"

እጅ ጽሑፌን አየሁት። ቆንጆ ነው፣ ማንም ያነበዋል። መስረቁ የእሷ ነው፤ ግራው ግን የእኔ ነው። ሰው የሳቀው በስርቆቷ አይደለም፣ በስህተቴ ነው። እያወቅሁ አሸክሜያታለሁ። እኔ ውኃ ወረፋ ላይ የገዛ ልጄ ብትቀድም ጀሪካኗን ይዤ ወደ ኋላ የምመልስ ሴት ነኝ። ይህን ፍርድ ላጣምመው አልቻልኩም። ቂሜን ግን ጨርሼ ልተወው አልፈለግሁም።

"አባቴ፣ ተራራው እስከ የት ይታያል?" ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅሁ።

"ቢሾፍቱ እስክንገባ አይጠፋም።"

"ዱከምስ?"

"ግማሽ ላይ በሉት።"

"እንግዲያው እትዬ፣ መስኮቱ እስከ ዱከም የእኔ ነው" አልኳት። "ከዱከም ወዲያ ያንቺ። እስከዚያ ቁሚ።"

ቆመች። ጓደኛዬ ልትነሳላት ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት። ድርሻዬን ሳልቸኩል አየሁ። ለባሌ የምነግረውን ነገርኩት፤ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ፣ ባቡሩ ደረጃው እንዳልከበደኝ፣ እህቱ ምን እንዳደረገችኝ። የእሷ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ነበር፤ ፉርጎው ሲወዛወዝ የወንበሬን ራስ ትጨብጣለች። አላዘንኩላትም። ጓደኛዬ "ዱከም ደረስን" አለችኝ፤ የጣቢያው ምልክት እስኪያልፍ ጠብቄ ተነሳሁ።

እትዬ ተቀመጠች። ዘንድሮ እልል አላለችም። በነጠላዋ አፏን ሸፍና "ወንድሜ፣ ወንድምዬ" ስትል ሰማሁና ፊቴን ወደ ግራው መስኮት አዞርኩ። የረር ገና ይታያል። ለራሱ ጥሩ ተራራ ነው።

ሐይቁ ዳር የያዝኩትን ጭኮ ለሦስት ከፈልኩ፤ እኩል። ረቡዕ ለአዳማ መስኮቱን ዕጣ አወጣንበት፤ ለእሷ ደረሳት፤ ዕጣ ነውና ትንፍሽ አላልኩም።

የኅዳር ማኅበር በእኔ ቤት ነበር። ሙሴዋ ተነስታ "እርስ በርሱ ቅያሜ ያለው አለ?" አለች። ነጠላዬን አላስተካከልኩም።

"አለኝ" አልኩ።

ሙሴዋ ወደ እኔ ቀረብ አለች። "ከማን ጋር?"

"ከእትዬ ጋር። ግማሹ ዱከም ላይ ወርዷል። ግማሹ አለ።"

ሁለቱ አሮጊቶች ወዲያው ተነሱ። እጄን አነሳሁ።

"አትያዙኝ። መጀመሪያ ደብተሬን ትመልስ።"

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። ቦርሳዋን ከፈተች፣ አገላበጠች፣ ዘጋችው። "ቡራዩ ረስቼዋለሁ፣ ሙሽሪት።"

"እንግዲያው ቂሜም እስከ ታኅሣሥ አምስት ይቆይ" አልኩ።

ለመኑኝ፤ እንቢ አልኩ። ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ በሁለት እጄ ተቀበልኩና ሳልቀምስ አጠገቤ ለነበረችው ለእትዬ አሳለፍኩላት። እሷም ትንሽ ይዛው ቆየችና፣ ወደ አፏ ሳታስጠጋው፣ ወደ ሱሉልታዋ አሳለፈችው። በዚያ ዓመት ያለ ኃጢአት የያዝኩት ጽዋ እሱ ብቻ ነው።