ከሸማኔው እግር ሥር

የመንደሩ ሰው ሸማኔውን «ይደርሳል» እያለ ነበር የሚጠራው። ብርድ ልብስ ያዘዘ ሰው መጥቶ በጠየቀው ቁጥር ቀና ሳይል «ይደርሳል» ይላል፤ ብርዱ ካለፈ በኋላ በእርግጥም ይደርሳል። አርባ ዓመት ሙሉ እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር በተቆፈረችው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ ሁለቱን መርገጫዎች በየተራ ሲረግጥ ኖሯል። ግራውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈትና መወርወሪያው ያልፋል፤ ቀኙን ሲረግጥ ይመለሳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ከኔ ጋር ከኖርከው ከጉድጓዱ ጋር የኖርከው ይበልጣል» እያለች ታሾፍበት ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ የቀረችው አንዲት ልጁ ናት፤ በመንደሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

ጦሩ የመጣ ዕለት ጠዋት መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው መደርደሪያው ላይ ያለው የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ወዲያው ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ እጇ አረፋ እንደያዘ ዘው ብላ ገባች።

«የላይኛውን መንደር ነርስ ወስደዋታል» አለች ለልጅቷ። «ቁስለኛ በዝቶባቸዋል። ጤና ጣቢያውን ሰብረው ገብተው ሲያጡሽ አሁን ቤትሽን እያጠያየቁ ነው።»

«አምና የወሰዷት ነርስስ ተመለሰች?» አለ ሸማኔው።

«ማን ተመልሶ ያውቃል፣ ጋሼ?» ብላ እየሮጠች ወጣች።

መንገዱም ማሳውም ወታደር ብቻ ሆኗል። ልጅቷ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው፤ ከአልጋው በቀር መደበቂያ የለም፣ አልጋ ሥር ደግሞ መጀመሪያ የሚፈለግበት ቦታ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ከመርገጫዎቹ ጀርባ ተኮራመተች። ሸማኔው እግሩን አጥፎ ከላይዋ ተቀመጠና ጉልበቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ጣለ። እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ግን አልቀረም።

«ዝም ብዬ ብቀመጥ ይጠረጥሩኛል» አለ በሹክሹክታ።

«አንተ ወርውር፣ አባዬ። መርገጫውን እኔ በእጄ እጎትታለሁ።»

ጎተተች። በሕፃንነቷ እንቅልፍ ይወስዳት የነበረው በዚህ ድምፅ ነውና ልኩ አልጠፋትም። መወርወሪያው ሄደ፣ ተመለሰ።

በሩ በእርግጫ ተከፈተ። አዛዡ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አንድ ወጣት ወታደር ገብቶ አልጋው ሥር በጠመንጃው አፈሙዝ ፈተሸ፣ የክሩን ጆንያ ገለበጠ።

«ልጅዎ የት አለች?» አለ አዛዡ።

«ሳይነጋ ወጥታለች። ወዴት እንደሄደች አላወቅኩም።»

ወታደሩ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ድሩን ትክ ብሎ ሲያይ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔም አባት ሸማኔ ነው» አለ። «ሲሠራ ጉልበቱ አያርፍም።»

ሸማኔው ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ድሩ እየተከፈተ እየተዘጋ ጉልበቱ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ንቅንቅ አላለም። ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ ቀኙን መርገጫ በኃይል ረገጠ። ከእንጨቱ ሥር፣ እንጨትም ድንጋይም ያልሆነ፣ ለስላሳ ነገር ተሰማው። ከጉድጓዱ ድምፅ አልወጣም። ወታደሩ እያየው ነበርና ማቆም አልቻለም። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ቀኙን በረገጠ ቁጥር ያው ለስላሳ ነገር ነበር።

«አዎ፣ እንደሱ ነው» አለ ወታደሩ።

«ምን አገኘህ?» አለ አዛዡ።

«ሽማግሌ ነው፣ ጌታዬ። ብርድ ልብስ ይሠራል።»

«ብርድ ልብሱን አንሳና ውጣ።»

ወታደሩ እጁን ወደ ሸማኔው ጉልበት ዘረጋ። ከዚያ ሰበሰበውና ዞር ብሎ የአልጋውን ብርድ ልብስ ገፈፈ። ሲወጣ ወደ ኋላ አልተመለከተም።

ጦሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ቆየ። ኩባያው ጸጥ ሲል ሸማኔው ልጁን ጎትቶ አወጣት። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል፤ ከንፈሯን ነክሳው ደምቷል።

«ቀሰሙን አምጣልኝ» አለች፣ ክር የሚጠቀለልበትን መቃ እያሳየችው። «ጣቴ ሥር አድርገህ በክር እሰረው። ጠበቅ አድርገው፣ አባዬ፣ አትፍራ። ቶሎ በል።»

«ይደርሳል» አለ። አርባ ዓመት ክር ያልጠፋበት እጁ አንዲት ቋጠሮ ለመቋጠር ሦስት ጊዜ ሳተ።

ጣቶቿ ዳኑ፤ አንደኛው ብቻ መታጠፍ አቅቶት ቀጥ ብሎ ቀረ። ወታደሩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወደ አባቱ ይመለስ አይመለስ፣ ማንም አላወቀም። ሸማኔው ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲጀምር እግሩን ወዲያው አይሰድም። መጀመሪያ በሆዱ ተኝቶ ጉድጓዱን እስከ ታች በእጁ ይዳብሳል። ብርድ ልብስ ያዘዙ ሰዎች «ምን ጠፋብህ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ይቀመጣል።