ንስሯ የታቀፈችው

ከመካነ ሰላም የወጣነው ዶሮ ሳይጮህ ነው፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ይመር። አይሱዙው ላይ ከጆንያ መሀል ሆነን ቦታ ስናመቻች፣ እማዬ ከታች ሆና አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፦ «እንዳትለያዩ!» ልብ በሉልኝ፣ ይመር መሄድ አልፈለገም። አዝመራው ሰምሮለት ነበር፣ ሊያገባም አስቦ ነበር። «ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር አታቋርጥም» ብላ ያስከተለችው እማዬ ናት፤ «እሄዳለሁ» ብዬ ቤቱን ያመስኩት ደግሞ እኔ።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ደላላው ሴቶችን ባንድ ጀልባ፣ ወንዶችን በሌላ ለየ። ለመንኩት። «አብሽሪ፣ ከኋላችሁ ነው» አለኝ። በኛ አገር ሰው ያዘነን የሚያጽናናበትን ቃል እንዲህ ሲጫወትበት! የኛ ጀልባ ደረሰ። የነሱ ተገለበጠ። ይመርን በሦስተኛው ቀን አሸዋው ላይ በዓይኔ አየሁት፤ እዚያው ቀበሩት።

ይህን እማዬ አታውቅም። አራት ዓመት ሆነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ለአጎቴ ለሰይድ ብነግረው እሱ ያደርሰው ነበር፤ ግን በጀመርኩ ቁጥር ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ እማዬ «ይመርስ?» ስትል፣ «በረሃ ነው፣ ግመል ይጠብቃል፣ ኔትወርክ የለም» እላታለሁ።

እዚህ አረብ አገር ወረቀት ልጠይቅ ስሄድ ጸሐፊው «ሙያሽ?» አለኝ።

«ገበሬ።»

«እዚህ ምን ልታርሺ? አሸዋ?»

«ከሰጣችሁኝ።»

ሳቀና «የቤት ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። እግራቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊት ቤት የገባሁት እንዲህ ነው፤ ሐጃ እላቸዋለሁ። ምግቡ ሥጋ በሥጋ ነው፤ እኔ ግን ለአንድ እፍኝ የባቄላ እሸት ነፍሴ ትወጣለች።

የልጅ ልጃቸው በታብሌት የከፈተላቸው ነገር አለ። አሜሪካኖቹ ዛፍ ላይ ካሜራ ሰቅለው የንስር ጎጆ በቀጥታ ያሳያሉ። ንስሯን «ራሰ በራ» ይሏታል፤ ራሷ እንኳን ሊመለጥ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ነው የምትመስለው። እዚህ ከሰዓት ሲሆን እዚያ ማለዳ ነውና፣ የሐጃን እግር እያሸሁ አብሬ አያለሁ። ሁለት እንቁላል ታቅፋለች። በረዶ ወርዶባት አንገቷ ብቻ እስኪቀር ስትቀበር እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

የሚፈለፈልበት ቀን አለፈ። ሳምንት ተጨመረ፣ ሌላም ተጨመረ። ከምስሉ ሥር አስተያየት የሚጽፉት ሰዎች «በቃ፣ ሞቷል» አሉ። እሷ ትነሣለች፣ በመንቆሯ ታገላብጠዋለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሐጃ «ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሞኝ!» እያሉ ታብሌቱን ይቆጣሉ። እኔ ወጥ ቤት ስገባም ያ ቢጫ ዓይኗ ይከተለኛል። እውነቱን ልናገር፣ የማየው እማዬን ነው።

አርብ ደወልኩላት። ይመርን ሳትጠይቀኝ የንስሯን ወሬ አስቀደምኩ፤ ላስቃት ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እና እንቁላሉ አልሆነም?»

«አልሆነም፣ እማዬ።»

«ከሥሯ የሚያነሣላት ሰው የለም?»

በኛ አገር ዶሮ ታቅፋ ቀኑ ካለፈ፣ እንቁላሉን ጆሮ ላይ ነቅነቅ ያደርጉታል። ውሃ ሆኖ ከተንቦጫቦጨ፣ ጥሬ ልትለቅም ስትወጣ ጠብቀው ያነሡላታል። አለበለዚያ ሳትበላ ሳትጠጣ ከስታ ታልቃለች።

«መንካት ክልክል ነው» አልኳት። «ማየት ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«ወይ ጭካኔ! መሞቱን እያወቁ?»

ትንፋሿ በስልኩ ይሰማኛል።

«ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለአጎትሽ ደውይለት። ሰው ይዞ ነገ በማለዳ ይምጣ። በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።»

ይህን ስጽፍ አገር ቤት ሊነጋ ነው። የሰይድን ቁጥር አውጥቼ ይዣለሁ፤ ገና አልደወልኩም።