ወሰኔ ያሠራው ሰዓት

ባሌ ወሰኔ ሰው አያምንም። ሌላውን ጠባዩን ብትጠይቁኝ ደግ ነው፣ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ሚስቱን ያከብራል። ማመን ግን አልፈጠረበትም። በግ ሲገዛ የበጓን ጥርስ አይቶ አይበቃውም፤ የሻጩንም አፍ ከፍቶ ቢያይ ደስ ይለዋል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ሳይል መሽቶበት አያውቅም። ዛሬ ግራ እጁ ላይ የምታዩትን አሮጌ ሰዓት ያስገዛውም ይኸው ጥርጣሬው ነው።

የዘንድሮው ሁዳዴ ሲገባ ልጃችን እስከዳር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ወሰኔ እንግዲህ ለእመቤታችን ተሳለ፦ "ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል ውኃ በአፌ አይዞርም፤ አንቺ ልጄን በሰላም አገላግይልኝ።" ስለት ከጎደለ መዘዝ ያመጣል ብሎ ይፈራል። እኔም እፈራለሁ፤ አልዋሽም።

ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ማን ይንገረው? የነፍስ አባታችን ቄስ መርስዔ ኃዘን እንደ ጥንቱ በጥላ ነው የሚያውቁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቆሙና የጥላቸውን ጫፍ ምልክት አድርገው፣ ተረከዝ ከጣት እያጋጠሙ በእግራቸው ይለካሉ። ጥላው ልኩ ላይ ሲደርስ ቅዳሴው ይወጣል፣ ጿሚውም ቤቱ ገብቶ ይቀምሳል። አገሩ ሁሉ እንዲህ ሲጾም ኖሯል። ወሰኔ ግን ቄሱ አዲስ ጫማ መግዛታቸውን አየ።

"ሙሉመቤት፣ ጫማቸውን አየሽው?" አለኝ።

"ምን ሆነ?"

"ከአሮጌው ያጥራል! የሚለካበት እግር ካጠረ ልኩ ቶሎ ይሞላል። እኚህ ሰውዬ ሰዓቱ ሳይደርስ ነው የሚያስፈቱን!"

"በስመ አብ! ደግሞ ቄስ ትጠረጥር ጀመር?"

"ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር" ብሎኝ ወጣ።

የጎረቤት ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ቢያሳዩት፣ "በአየር የሚመጣ ሰዓት ማን እንደላከው በምን አውቃለሁ?" አላቸው። በገዛ እጁ የሚሞላው፣ ሌላ ሰው የማይነካው ሰዓት ፈለገ። ቀየት ገበያ ሄዶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ፊቱ የወየበ፣ ጭራሽ የቆመ የእጅ ሰዓት ገዛ። ሻጩ "የፊታውራሪ ሰዓት ነበር" ቢለው፣ "በዚህ አገር የተበላሸ ሰዓት ሁሉ የፊታውራሪ ነው" አለው አሉ።

ለእኔ ይህን ሁሉ መች ነገረኝ! የማየው ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜው ፊቱን ይታጠባል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ "ቀየት ደርሼ ልምጣ" ይላል። ሴት አለች አልኩ። ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩት። ሴቲቱን ላንቅ ሄጄ ያገኘሁት ሰዓት ሠሪውን ይሥሐቅን ነው፤ አፍሬ ከባሌ ጎን ተጠጋሁ።

ይሥሐቅ ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ በትንሽ ጠረጴዛ ይሠራል። ወሰኔ ጉልበቱን ከጠረጴዛው አስጠግቶ ተቀምጧል። ጋቢውን ከሥር አንጥፏል፤ ከሰዓቱ ሆድ አንዲት ጥርስ ብትወድቅ መሬት እንዳትውጣት ነው። ይሥሐቅ የሰዓቱን ጀርባ ከፈተ፣ ሆድ ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣ፣ በቤንዚን አጠበ፣ በብሩሽ ጠረገ። የተሰበረውን ሞላ በሌላ ለወጠው።

"ያንን አሮጌውን ሞላ ስጠኝ" አለ ወሰኔ።

"ምን ያደርግልዎታል? ብረት ነው።"

"ብረትም ቢሆን የኔ ነው።"

በነጠላዬ ጫፍ አስቋጠረኝ። አዲስ መስታወት ገባለት፣ የቆዳ ማሰሪያ ተደረገለት። ይሥሐቅ ጠምዝዞ ሞላውና ከጆሮዬ አስጠጋው። ቀጭ ቀጭ ይላል! እውነቴን ነው፣ የሞተ ነገር ሲነሣ ደስ ይላል።

"በሉ ጋሼ" አለ ይሥሐቅ፣ "ጥቂት ቀን እኔ ዘንድ ይደር። አሮጌ ሰዓት ታጥቦ ሲነሣ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። እያየሁ ላስተካክለው።"

ወሰኔ ሳቀ። "ይደር? ሆዱን ገልብጠህ የሌላ ልትከትበት! አይሞከርም።" እጁ ላይ አስሮት ጋቢውን አራግፎ ተነሣ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰዓቱና ቅዳሴው ገጠሙ። "አየሽ? ሰዓት መግዛቴን ሲሰሙ ታረሙ" አለኝ። እየቆየ ግን ሰዓቱ ዘጠኝ ሲል ቅዳሴው ገና ሆነ። "አሁን ደግሞ እልህ ተጋብተው እያዘገዩ ነው!" አለና ሰው ሳይወጣ ከቅጥሩ እየወጣ ቤት መምጣት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት በጥንቃቄ ይሞላዋል፤ ቆጣሪዎቹን ግን ንክች አያደርጋቸውም። በማን ሰዓት ያስተካክላቸው? ማንን ያምናል?

"ኧረ ሰው ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም" እለዋለሁ ሽሮውን እያቀረብኩ።

"እኔ የተሳልኩት ዘጠኝ ሰዓትን ነው፤ ቄሱን አይደለም" ይለኛል እየጎረሰ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል እስከዳርን ምጥ ያዛት። ቀየት ጤና ጣቢያ አስገባናት። ወሰኔ በልቶ፣ አፉን እየጠራረገ ደረሰ። ከማዋለጃው በር በላይ የግድግዳ ሰዓት አለ። ቀና ብሎ አየው፤ ገና ስምንት አልሞላም። የእጁን አየ፤ ዘጠኝ አልፏል።

"ይሄ የመንግሥት ሰዓት ተበላሽቷል" አለ።

ነርሷን ጠየቃት፤ ስልኳን አሳየችው። ዘበኛውን ጠየቀ። የገባውን የወጣውን ሁሉ ጠየቀ። አንድም የሚያግዘው አጣ። ወጥቶ ወደ ይሥሐቅ ተሻገረ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይቀድማል" አለኝ። "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ነግሮኝ ነበር እኮ።" መሬት ላይ ተዘረፈጠ። "ሙሉመቤት፣ ስለቱን በላሁት።"

"አላልኩህም?" ልለው አፌን ከፈትኩ። ልጄ ከበሩ ወዲያ ስታቃስት ሰማሁና ተውኩት። ይህ ክፉ ጥርጣሬው ልጄን ሊያሳጣኝ ነው ብዬ በቁሜ አለቀስኩ።

ከዚያ የሕፃን ድምፅ ተሰማ። ነርሷ ብቅ አለች፤ "እንኳን ማርያም ማረቻት! ሴት ናት፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው።" እልልታዬን አቀለጥኩት። ወሰኔ ግን ከመሬት አልተነሣም።

"ተነሣ እንጂ፣ አንተ!"

"እመቤታችን ምን ጾሜላት ነው የምትሰጠኝ?" አለ። "መልሳ ልትወስዳት ነው።" እመቤታችንንም ጠረጠራት፣ ጉድ እኮ ነው!

ቄስ መርስዔ ኃዘን ቅዳሴ አስወጥተው ጠበል ይዘው መጡ። ወሰኔ እግራቸው ላይ ወደቀና ሁሉንም ዘረገፈው፤ የጫማውን ነገር ሳይቀር። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩት።

"እየቀደምህ ስትወጣ አይቼሃለሁ" አሉት። "ስለትህን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የነፍስ አባትህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪመሽ እየጾምኩልህ ነው።"

ያን ጊዜ ከንፈራቸውን አየሁት፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሰሞኑን ከስተው ስናይ አመማቸው ብለን ነበር።

"አባቴ፣ ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?"

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

ወሰኔ ጫማቸውን እንደያዘ፣ "አላምንዎትም ነበር" አለ።

የልጅ ልጃችንን አቅፈን፣ ስመን ስንወጣ ይሥሐቅ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። ወሰኔ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "የፈለግከውን ያህል ይደር" አለና መንገዱን ያዘ። ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ሆዱን ገልብጦ የሌላ እንዳይከትበት ዞር ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ።