የሀጀር የሊንክ ዕቁብ

ሀጀር ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ እሷም ብትሆን አትክደውም። መገናኛ ባለው ህንጻችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ትሸጣለች። ደንበኛ መጥቶ "የመስኮቴ ስፋት ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነው" ቢላት በእሱ ልኬት ጨርቅ አትቆርጥም። ሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ታክሲ ይዛ፣ ሲኤምሲ ድረስ ሄዳ ራሷ ትለካለች። "ሰው የራሱን መስኮት አያውቀውም" ትላለች። የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነቷን መሆኑ ነው።

የዕቁባችን ዳኛ ያደረጋትም ይኸው አለማመኗ ነው። ዕቁቡን የጀመርነው የዛሬ አስራ ስምንት ዓመት፣ ህንጻው ሳይሠራ፣ የባቡሩ ሐዲድ ሳይዘረጋ፣ ሁላችንም በቆርቆሮ ሱቆች ውስጥ ሳለን ነው። ያኔ አስራ ሁለት ነበርን። አሁን ሃያ ሁለት ደርሰናል፤ ከመጀመሪያዎቹ የቀረነው ግን አምስት ነን። ሌሎቹ ገሚሶቹ ሞቱ፤ ገሚሶቹ ቆርቆሮው ሲፈርስ ወዴት እንደገቡ አላውቅም። እኔ አንደኛ ፎቅ ላይ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ጠዋት ደረጃውን ስወጣ አንዳንዴ ስማቸውን በድሮው የሱቆች ቅደም ተከተል እጠራለሁ። ከጫማ ሰፊው ቀጥሎ ማን እንደነበረ ግን ጠፍቶብኛል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከእኛ ዕቁብ እጣ ወጥቶለት የተሰወረ ሰው የለም። እጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሲያመጣ ሀጀር ዋሱን ዝም ብላ አትቀበልም፤ ሱቁን ታያለች፣ ጎረቤቶቹን ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ሁለት አማቾች እርስ በርስ ዋስ ሆነው ቀረቡ። ወረቀቱን መለሰችላቸው። "አንተ ስትወድቅ እሱም አብሮህ ይወድቃል፤ ታዲያ ማን ሊያነሳችሁ ነው?" አለች። ከመጋረጃ ቤቷ ይልቅ የምትሳሳለት ለዚህ ዳኝነቷ ነው። ሱቋ ቢዘጋ ሌላ ትከፍታለች። የእጣውን ጣሳ ሌላ ሰው ይዞት ማየት ግን የሚሆንላት ነገር አልነበረም።

አምና ሰው መጋረጃ በእግሩ መፈለግ ትቶ በስልኩ መፈለግ ጀመረ። ሀጀር ድረ ገጽ አላት። ሁላችንም አለን፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት መጥቶ ለህንጻው ነጋዴ ሁሉ በጅምላ ሠርቶልን ሄዷል። ግን ማን ያየዋል? ጉግል ላይ "መጋረጃ አዲስ አበባ" ብለው ሲፈልጉ የሀጀር ሱቅ የሚገኘው ስድስተኛው ገጽ ላይ ነበር። እስከ ስድስተኛው ገጽ የሚወርድ ሰው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

አትላስ አካባቢ ቢሮ ያላት ሳምራዊት የምትባል የድረ ገጽ ባለሙያ መጋረጃ ልታዝ ስትመጣ ነው ነገሩ የተጀመረው። እኔም ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሀጀር ስልኳን አሳየቻት።

"እትዬ ሀጀር፣ ጉግል እርስዎን አያውቅዎትም" አለች ሳምራዊት። "ሌሎች ሰዎች በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ሊንክ ሲያስቀምጡልዎት፣ ሲነኩት ወደ እርስዎ የሚወስድ ማለት ነው፣ ያኔ 'ይቺን ሴት የሚመሰክርላት አለ' ብሎ ወደ ላይ ያወጣዎታል።"

"ዋስ ነዋ!"

"ዋስ ሊሉት ይችላሉ።"

"ስንት ዋስ ይበቃዋል?"

"ቁጥሩ አይደለም ዋናው። መጋረጃዎን የሰቀለ ሆቴል፣ ስለ ቤት ማሳመር የሚጽፍ ሰው፣ እንዲህ ያሉ፣ ሳይለመኑ የሚያመለክቱ። አንድ ዓመት ይፈጃል።"

ሳምራዊት እንደወጣች ሀጀር ወደ እኔ ዞረች። "ሰማሃት ረታ? አንድ ዓመት! አንድ ዓመት ሙሉ ልትበላኝ ነው። ዋስ ከሆነ ነገሩ፣ እዚሁ ህንጻ ውስጥ ሃያ አንድ ዋስ አለኝ አይደል?"

ቅዳሜ ስንሰበሰብ አዲሱን ዕቁብ አስታወቀች። በየሳምንቱ አንድ እጣ ይወጣል፤ እጣው ለደረሰው ሰው የቀረነው ሃያ አንዳችን በየድረ ገጻችን ሊንክ እናደርግለታለን።

"ብሩስ?" አለ አምፖል የሚሸጠው ተስፉ።

"ብር የለበትም። ዋስነት ብቻ።"

"ዋሱ ቢክድስ?"

"አንተን ነው መጀመሪያ የምይዝህ!"

ሳቅን፤ ተስማማን። በዕቁባችን ልማድ የመጀመሪያው እጣ የዳኛው ነው፣ ስለዚህ በሀጀር ተጀመረ። የምንለጥፈውን ዓረፍተ ነገር ራሷ ጽፋ በቴሌግራም ላከችልን፦ "በአዲስ አበባ ምርጥ መጋረጃ ከፈለጉ ሀጀር ጋ ይምጡ።" አንድ ፊደል እንዳትነካ ተባለ። በራሳችን አባባል ብንጽፍ እንዳናበላሽባት ፈርታ ነው። እኔም ከመዝገበ ቃላቶቼና ከልብ ወለዶቼ መሃል ለጠፍኩላት።

በሦስት ሳምንት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወጣች። ሁለተኛው እጣ የደረሳት የአልጋ ልብስ ሻጯ ሙሉነሽም፣ ሦስተኛው የደረሰው ተስፉም ወጡ። ህንጻው ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ፤ ሁሉም እጣውን ይጠብቃል። በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሀጀር ስልኳን ስትከፍት ስሟ የለም። ስድስተኛው ገጽ ላይ የለም፤ አስረኛውም ላይ የለም። ሙሉነሽም ተስፉም የሉም። እጣ ያልደረሰን እኛ እንኳ ድሮ ከነበርንበት ወርደናል። ባለበት የተገኘው ሴራሚክ የሚሸጠው ብርሃኑ ብቻ ነው፤ አራተኛው ገጽ ላይ፣ እንደ ድሮው።

ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩ አንደበቱ ተለወጠ። ሰላምታ አጠረ። ተስፉ ድምጹን ሳይቀንስ "ዳኛዋ መጀመሪያ ጎረሰች፣ ከጠገበች በኋላ ገበታውን ገለበጠችው" ሲል ሰማሁት። ሀጀርም ሰማች። ሱቋን ዘግታ፣ ባለመስመር ደብተር ይዛ፣ የሃያ አንዳችንንም ድረ ገጽ ለሁለት ቀን ስታገላብጥ ዋለች። ሐሙስ ከሰዓት "ያዝኩት! ና ተከተለኝ" ብላ ምድር ቤት ወዳለው ወደ ብርሃኑ ሱቅ ይዛኝ ወረደች።

"ብርሃኑ፣ እጣ ለሰባት ሰው ወጥቷል። የአንዱንም አልለጠፍክም። ያልወደቅከውም አንተ ብቻ ነህ። ለማን ነው የጠቆምክብን?"

"ኧረ ማርያምን! ለማን ልጠቁም? ጉግል የት ነው ቢሮው?"

"ታዲያ ለምን አልለጠፍክም?"

ብርሃኑ እኔን አየ፤ ወለሉን አየ። "የይለፍ ቃሉ ጠፍቶኛል።"

"መቼ?"

"ድረ ገጹን የሠሩልኝ ቀን። ካርቶን ላይ ጽፌው ነበር፤ ካርቶኑን ከነሴራሚኩ ሸጥኩት።"

"ለምን አትናገርም ነበር?"

"ላንቺ? ሀጁ፣ ላንቺ እንዲህ ያለ ነገር ማን ደፍሮ ይናገራል?"

አላመነችውም። አርብ ደብተሯን ይዛ አትላስ ሳምራዊት ቢሮ ሄድን፣ ብርሃኑንም እየጎተተች። ሳምራዊት ኮምፒውተሯን ነካካች፣ ከዚያ ግንባሯን ያዘች።

"እትዬ ሀጀር፣ ማንም አልጠቆመብዎትም፤ ጉግል ራሱ ነው የነቃባችሁ። እስቲ ይዩት። ሃያ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል። አምፖል ቤቱ ለመጋረጃ ቤቱ ይመሰክራል፣ መጋረጃ ቤቱ መልሶ ለአምፖል ቤቱ። እርስዎ ቢሆኑ ያምኑ ነበር?"

ሀጀር ስክሪኑ ላይ ያሉትን ስሞች በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አነበበች።

"በር ላይ ነው የምመልሳቸው" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

ሳምራዊት መንገዱን ነገረቻት። መጀመሪያ ሁሉም የለጠፈውን ያንሳ። አላነሳም ያለ ካለ ደግሞ "እነዚህን ምስክሮች አትቁጠሩልኝ" የሚል ዝርዝር ለጉግል ይላካል። መልስ የሚሰጥ የለም፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሀጀር ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ጠየቀች። ማንም ቀድሞ ማንሳት አልፈለገም። ተስፉ "አንቺ ቀድመሽ ወስደሻል፤ አንቺ ቀድመሽ አንሺ" አላት። እፊቱ ቆማ የሱን ሊንክ ከድረ ገጿ አነሳች። "ነገ መልሰሽ እንደማትለጥፊው በምን አውቃለሁ?" አለ። እሷ ራሷ ብትሆን የምትጠይቀው ጥያቄ ነው።

ቅዳሜ ስንሰበሰብ ጣሳውን ከፊቷ አስቀምጣ ደብተሯን ገለጠች። "ይህን ዝርዝር ሰኞ እልከዋለሁ። ከጀርባችን አደረገችው እንዳትሉኝ አሁን አነበዋለሁ።" ከዚያ የሃያችንን ስም ከነሱቃችን አንድ በአንድ ጠራች። የኔ አራተኛ ነበር።

ሙሉነሽ አላስጨረሰቻትም። "አስራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ዛሬ አላውቃትም ብለሽ ልትጽፊብኝ ነው?"

"አውቅሻለሁ ሙሉዬ። ስለማውቅሽ ነው እፊትሽ የማነበው።"

ሙሉነሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሀጀር እስከ መጨረሻው ስም አነበበች። ደብተሩን ስትዘጋ ተስፉ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የብሩን እጣም ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ያውጣው።"

ማንም "ተው" አላለውም። እኔም አላልኩም፤ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ሀጀር ሁላችንንም በየተራ አየችን። እጇ ጣሳው ላይ ነበር።

"ማን ያውጣ?"

"ብርሃኑ" አለች ሙሉነሽ። "ለማንም ያልመሰከረ እሱ ብቻ ነው።"

ብርሃኑ ሊቃወም አፉን ከፈተ። ሀጀር ግን ጣሳውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋችው። ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት፤ ሌላ ወንበር ስባ ከጎኑ፣ እጁ በደንብ በሚታያት በኩል፣ ተቀመጠች።

"እጅጌህን ሰብስብ" አለችው። "እስከ ክርንህ።"