ደም የሚደርስበት ቁስል

መጀመሪያ የተሰማኝ ማሳከክ ነበር። ደሃና ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከገበያ ስመለስ ድንጋይ የጫረኝ ቀኝ ቅልጥሜ ላይ ትንሽ ቀይ እብጠት ወጣ። በማግስቱ እግሬ ጫማ አልገባ አለኝ። ትኩሳት መጣ። ከዚያ ቆዳው ጠቆረ። ሸተተም።

ጎረቤቶቼ በየዳገቱ እየተቀያየሩ በቃሬዛ ሰቆጣ ሆስፒታል አደረሱኝ። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አወጣው፤ ዲብራይድመንት ይሉታል። ስነቃ አየሁት። አጥንቴ ይታያል። ነጭ ነው።

«ሥጋ አጥንቱን ካልሸፈነው እግርሽን ከጉልበት በታች መቁረጣችን ነው» አለኝ።

አላለቀስኩም። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ያኔ ለቁስል ተብሎ የተሠራ ማሽን እዚያ አልነበረም። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ፈሳሽ የሚመጠጥበትን ሰክሽን አስመጣ። ከጀርም የጸዳ ስፖንጅ በቁስሉ ልክ ቆርጦ ሞላበት፤ ቱቦ ሰካበት፤ ላዩን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሸገው። ማሽኑ ሲነሣ ስፖንጁ ጭምድድ አለ። ሥጋዬን አፍ የያዘው መሰለኝ።

ነጌቲቭ ፕሬዠር እንደሚባል አስረዳኝ። ያቆረው ፈሳሽ ሲሳብ እብጠቱ ይቀንሳል፤ በእብጠቱ የታፈኑት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ የቁስሉ ጠርዝም ወደ መሃል ይሰበሰባል። ጉልበቱ ከበዛ ግን መልሶ ደሙን ያፍነዋል። ስለዚህ በልኩ አድርጎ፣ እያሳረፈ ነበር የሚያስኬደው። መብራት ሲጠፋ ነርሷ ስፖንጁን አውጥታ በጨው ውሃ የራሰ ጎዝ፣ ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ታደርግበታለች።

ከጎኔ ካለው አልጋ ላይ እማማ ዝማም የሚባሉ፣ እዚያው ሰቆጣ አካባቢ ካለው ዝቋላ ወረዳ የመጡ ሴት ተኝተው ነበር። የስኳር ሕመም እግራቸውን አጥቁሮታል። አማርኛ ብዙም ስለማይችሉ፣ ሐኪሙ ሲመጣ በቋንቋቸው በኽምጣና የምተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። ማሽኑን ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። ለእሳቸውስ መቼ እንደሚደረግላቸው ሐኪሙን እንድጠይቅላቸው ነገሩኝ።

ጠየቅሁ። ሐኪሙ ጣቶቹን እግራቸው ላይ አሳርፎ የደም ሥራቸውን ትርታ ፈለገ። ብዙ ቆየ።

«ስኳሩ ዋናውን የደም ሥር ዘግቶታል» አለኝ። «ማሽኑ ደም የሚደርስበትን ቁስል ያግዛል እንጂ የሌለ ደም አያመጣም። እግሩ መቆረጥ አለበት። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ቃሉን አላለዘብኩም። እማማ ዝማም ወደ እኔ እግር አዩ።

«ያንቺው ደም አለው ማለት ነው» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

መቆረጡን እምቢ አሉ። ልጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። አልጋው ባዶ ሆነ። ማሽኑ መምጠጡን ቀጠለ።

እኔ ዳንኩ። ስፖንጁ በተቀየረ ቁጥር ነጩ አጥንት ጥቂት በጥቂት እየጠበበ፣ ከዳር የተነሣው ግራኑሌሽን የሚሉት ቀይ ለጋ ሥጋ ወደ መሃል እየተሳበ፣ በመጨረሻም ጉድጓዱ ሞልቶ ከጭኔ ስስ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈበትና፣ መጀመሪያ በክራንች፣ በኋላም በከዘራ እየተደገፍኩ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ሆኖም ዛሬም ጀሪካን እንደዚያ ማሽን ሲንደቀደቅ ስሰማ እጄ ሳላዘው ቅልጥሜን ይይዛል። እማማ ዝማም እግሬን ሲያዩት ይታየኛል። በሕልሜ ደግሞ እተረጉማለሁ፤ ቃሉ ከአፌ አይወጣም።

ረጅም መንገድ መሄድ ስችል ዝቋላ ወረድኩ። አርፈዋል። ትልቋ ልጃቸው ውሃ ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቷ ከመሞታቸው በፊት ልጆቻቸው ሁሉ ደማቸውን ለስኳር እንዲመረመሩ እንዳስማሏቸው ነገረችኝ።

«እኔ ላይ ስኳር ተገኘ» አለች። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ። እግሬንም ቁስል እንዳለው በየቀኑ አያለሁ። አንቺ ባትነግሪያት እሷም አትነግረንም ነበር።»

ውሃውን ጠጥቼ ጣሳውን መለስኩላት።

ይህን የምታነቡ፣ የማይሽር ቁስል ያላችሁ፣ ሳይጠቁር ሂዱ። ደም ይደርሰው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ስኳራችሁን አስለኩ። ማሽኑ ከተደረገላችሁ ሕመሙ ሲበረታ ወይም ቱቦው ውስጥ ትኩስ ደም ስታዩ ዝም አትበሉ፤ ነርስ ጥሩ። መልሱ መቆረጥ ከሆነም፣ እግር የሌለው ሰው ልጆቹን ያያል።

የተሸከሙኝን ጎረቤቶቼን፣ ሐኪሙንና ነርሷን እግዜር ይስጣቸው። ለእማማ ዝማም የምለው ግን ምስጋና ይሁን ይቅርታ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።