የልቤን ነገር በማይወደኝ ሰው አፍ

ነገሩን መጠርጠር የጀመርኩት ሚስቴ መጨቃጨቅ ስታቆም ነው። ሆስፒታል ደርሰን ከተመለስን ወዲህ ጫማዬን የትም ብወረውር ዝም፣ ምሳ ሰዓት አሳልፌ ብመጣ ዝም። ሱማሌዋ ጎረቤታችን በየጠዋቱ የግመል ወተት ትልክልኝ ጀመር። ቢሮ ደግሞ አንድ ፋይል ላነሳ እጄን ስዘረጋ ቀድመው የሚያነሱልኝ በዙ። ሰው እንዲህ የሚያዝነው ለሚሞት ሰው ነው።

ያኔ ጅጅጋ ውስጥ የእርሻ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ሊረዱን የመጡት ኩባውያን ከነሐኪሞቻቸው ገና አልወጡም። ትንሽ ስራመድ ትንፋሽ ያጥረኝ፣ ደረቴንም ጨምድዶ ይይዘኝ ስለነበር አዲስ አበባ ሄጄ ተመረመርኩ። የሐኪሞች ቦርድም ውጭ አገር የልብ ቀዶ ጥገና እንዲደረግልኝ ወሰነ። ከጉዞው በፊት ጅጅጋ ሆስፒታል ውጤቱን ያብራራልኝ አንድ ኩባዊ ሐኪም ነበር። የሚያስተረጉመው የሚስቴ ወንድም ነው፤ እዚያው ሆስፒታል ድሬሰር ሆኖ ከኩባውያኑ ጋር ሲሠራ ቋንቋቸውን ለምዷል።

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ወረቀት ላይ ልብ ሣለ፣ በእርሳሱ አንድ ቦታ ደጋግሞ ነካ፣ ከዚያም ሁለት መዳፎቹን እንደ መዝጊያ ገጥሞ ከፈት ዘጋ አደረጋቸው። አማቼ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ "ጋሼ፣ የልብዎ ደም ሥር ጠቧል። ከእግርዎ ደም ሥር ወስደው ሌላ መንገድ ይሠሩለታል፣ በቃ" አለኝ። መዳፎቹስ ምን ማለት ናቸው ብዬ ብጠይቀው ኩባውያን ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም ብሎኝ አረፈው።

በእኛ ልማድ ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም። ለዘመድ ይነገራል፣ ዘመድ ይመክርበታል፣ በሽተኛው ሾርባውን ይጠጣል። ደግ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ሾርባ ጠጪው እኔ ስሆን ግን አንገበገበኝ።

የማያዝንልኝ አስተርጓሚ አስፈለገኝ። አንድ ሰው አውቅ ነበር፤ ኩባ ተምሮ የመጣ የእንስሳት ሐኪም፣ የራሴው ምክትል። ሂስና ግለ ሂስ በተደረገበት ስብሰባ ላይ ተነስቶ ማንንም የማልሰማ ቢሮክራት መሆኔን ከነምሳሌው ዘርዝሯል። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ውጪ ቃል አንለዋወጥም። ወንበሬን እንደሚፈልጋት አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃል። ቢሮው ገብቼ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ አልኩት። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም፤ እሺ ጓድ ብሎ ጃኬቱን አነሳ።

ሐኪሙ እንደገና ሣለ፣ ምክትሌም ቃል በቃል አስከተለ። ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። ደም ሥሮቼ መጥበባቸው እውነት ነው፤ ከዚያ ሌላ ግን በልቤ ግራ በኩል ያለው በር አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ለደሙ አዲስ መንገድ ብቻ ሠርተው በሩን ቢተዉት ቀዶ ጥገናው ይቀላል፤ ልቤ ደም ሲያገኝ ማፍሰሱም ሊቀንስ ይችላል። ካልቀነሰ ግን ትንፋሼ እንደገና ያጥራል። በሩንም አብረው ከሠሩት ልቤ ቆሞ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ አደጋውም ይጨምራል። ከተቻለ ቀለበት ሰፍተው ያጠብቡታል፣ ካልተቻለ ይቀይሩታል። ብረት ቢያስገቡልኝ ዕድሜ ልኬን ደም ማቅጠኛ እየዋጥኩ ደሜን ማስመርመር አለብኝ፤ ያ ምርመራ ደግሞ ጅጅጋ የለም። ከእንስሳ የተሠራው ይህን ጣጣ ያስቀራል፣ ግን ከዓመታት በኋላ ያረጃል።

"ከምን እንስሳ?" አልኩ።

"ከአሳማ።"

የአሳማ ነገር ደረቴ ውስጥ ይዤ በጅጅጋ ገበያ መሃል ሳልፍ ታየኝና ጎረቤቴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። ምክትሌ ግን አልጨረሰም። ሐኪሙ የሚመርጠው መንገዱንም በሩንም አንድ ላይ መሥራት፣ በሩንም በቀለበት ማጥበብ ነው። አማቼ ግን ቤተሰቡ መንገዱ ብቻ ይሠራለት ብሏል ብሎ ነግሮታል። በእኔ ደረት እኔ ሳልጠየቅ!

"አንተ ብትሆን?" አልኩት ምክትሌን።

"ሁለቱንም።"

ደሜ ፈላ። "ከሞትኩ ወንበሩ ያንተ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። "ሁለቱም ከተሠሩ ላይነቁም ይችላሉ፤ እሱንም ብሏል። ሳትቀንስ ብለውኛል።"

ከሆስፒታሉ እስክንወጣ በጎን በጎን እያየሁት ሄድኩ። መቼም ሞቴን የሚመኝ ሰው ሾርባ ይዞ ይመጣል እንጂ እንዲህ ፊት ለፊት አይናገርም ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ፤ ጥርጣሬው ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ቤት ገብቼ ምክትሌ ያስተረጎመልኝን፣ ሁለቱንም እንደማሠራም ለሚስቴ ነገርኳት። እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጠች።

"ያን ሰውዬ አምነህ?"

"አላመንኩትም። የነገረኝ ግን እሱ ነው። አንቺና ወንድምሽ መርጣችሁልኝ ቁጭ ብላችኋል።"

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ጭራሽ ዝቅ አለ። "ወንድሜን አትቆጣው። እንዳይነገርህ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"አውቀህ ከሄድክ መሰነባበት ይመጣል። እኔ ደግሞ አንተን መሰናበት አልችልም።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስንቱን ነገር ስጠረጥር ከርሜ ይህን አልጠረጠርኩም። ፈራሁ፤ ከሐኪሙ ወሬ ሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ እሷ ያለችው ነው።

የምሄድ ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ መጣች። አላለቀሰችም፣ አንገቴንም አላቀፈችም። ለመስክ ሥራ ወደ አፍደም ስወርድ እንደምታደርገው ሻንጣዬን በመስኮት አቀበለችኝና፣ "ለእሁድ ሥጋ ልግዛ?" አለችኝ።

"ግዢ" አልኳት።