ባርካትን የረገጠችው ጎሽ

ባርካት ከሞተሩ የወደቀ ዕለት፣ ከተሰበረው እግሩ ይልቅ ያንገበገበው የፈሰሰው ወተት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በኦካራ ከተማ ዙሪያ ጎሽ እንደ ላም ከሚያልቡ መንደሮች ወተት እየሰበሰበ፣ በሞተሩ ግራና ቀኝ ባንጠለጠላቸው ትልልቅ ጣሳዎች ከተማ ሲያደርስ ኖሯል። በዚያ የጥር ጉም ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የጫነ ጋሪ ፊቱ ድቅን አለ፤ ሲሸሽ ሞተሩ ከነወተቱ እግሩ ላይ ተኛበት።

ሐኪሙ ብረት ይግባበት አለ። አለዚያ የሚቀረው የመንደሩ ወጌሻ ነው፤ በጉብዝናው ዘመን ትግል የገጠመውን ሁሉ የጣለ ሰው። እሱ ያሸው እግር መዳኑን ይድናል፤ ወዴት ዞሮ እንደሚድን ግን እግሩ ራሱ ነው የሚመርጠው። ሞተሩን በእግሩ ረግጦ ለሚያስነሳ ወተት አመላላሽ ጠማማ እግር ማለት የእንጀራ መጨረሻ ነው።

ብረቱን የሚያስገባው የጤና መድህን ካርዱ ነው። ካርዱ ደግሞ፣ መንደሩ እንደሚያምነው፣ ሞተር ይጠላል። አምና አንድ ጎረቤት ከሞተር ወድቆ ካርዱ አልከፈለለትም። ሄልሜት ስላላደረገ መሆኑን የጠየቀ ሰው የለም፤ ሰው ከምክንያት ይልቅ ወሬ መውረስ ይቀለዋል።

መላውን ያመጡት ቻቻ ፈዝሉ ናቸው፤ የባርካት አባት ታናሽ ወንድም። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ደጃፍ አቤቱታ ሲጽፉ ስለፈጁ ሕግ የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

“ጎሽ ረገጠችኝ በል” አሉት። “ከብትን ማን ይጠረጥራል?”

“የማንን ጎሽ ልበል ቻቻ?”

“የኔን በላ። ምን ቸገረኝ?”

ናዚራን የተባለችው ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ፣ “ክንዱን የላጠው አስፋልት ነው። ጎሿ አስፋልት ለብሳ ነበር ልንል ነው?” አለች። የሰማት የለም።

ቻቻ አልጋውን አስገፍተው የሆስፒታሉ መድህን መስኮት ዘንድ ቀረቡ፤ ታሪኩንም በአቤቱታ ወግ አስጊጠው አሰሙ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ወጣት ሰምታ ስትጨርስ፣

“የጎሿ ባለቤት ማነው?” አለች።

“ምነው ልጄ?”

“የሰው ከብት ከሆነች ባለቤቱን ነው ቀድመን የምንጠይቀው። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እንዳትሸጥ እናሳግዳታለን።”

ባርካት አጎቱ ከመናገራቸው በፊት ሲያስቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው።

“ያቺ ጎሽ” አሉ በመጨረሻ፣ “ጨዋ ናት። ዝንብ እንኳ ስታባርር ይሉኝታ ይይዛታል። ይሄ ልጅ የወደቀው ከሞተር ነው።”

“ቻቻ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ...”

“ዝም በል አንተ። ያልሠራችውን ልትለጥፍባት ነው?”

ወጣቷ ወደ ባርካት ዞረች። “ሄልሜት አድርገህ ነበር?”

አድርጎ ነበር፤ ሕግ ፈርቶ ሳይሆን ብርድ ፈርቶ። በደህናው ቀን እንደ ባልደረቦቹ ጣሳው ላይ ነው የሚያንጠለጥለው። ናዚራን የተሰነጠቀውን ሄልሜት ከሻሏ ስር አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

“ታዲያ ይከፈልልሃል። ይህን ከመጀመሪያው ብትናገሩ ምን ነበረበት?”

በመንደሩ፣ የዚያን ዕለት እውነት አሸነፈች የሚሉ አሉ። እውነትማ ከማለዳው ጀምሮ ከባርካት ጋር አልጋው ላይ ተኝታ ነበር፤ ዘወር ብሎ ያያት ጠፋ እንጂ። ለወንድም ልጅ ፍቅር ሲባል ተሸፈነች፤ ለጎሽ ፍቅር ሲባል ተገለጠች። ከሁለቱ ፍቅሮች የበረታው የትኛው እንደሆነ ለመፍረድ ቸኩዬ አላውቅም።

ባርካትን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት ቻቻ ከጎኑ እየተራመዱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

“አይዞህ” አሉት፣ “ጉዳይህን አሳምረን ነው የጨረስንልህ።”